ከካልሲው ስር የተገኘው ኪኒን

ለዕረፍት ደብረ ማርቆስ ነኝ። ትናንት ጎረቤታችን ጠሩኝ። ልጃቸው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ዋሽንግተን ይበራል። «አንተ ልጄ፣ የዚያን አገር ነገር የምታውቀው አንተ ነህ፤ እስቲ ሻንጣውን እይለት» አሉኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። ሁሉም በወግ ታስሯል። ከካልሲው ስር ግን በፌስታል የተጠቀለለ ኪኒን ወጣ። ፓኬት የለው፣ ወረቀት የለው። ዲያዜፓም የሚባለው የጭንቀትና የእንቅልፍ መድኃኒት ነው፤ ባለ 5 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ ሁለት። ከጀመረ ስምንት ወሩ። «እዚያ ስገባ እተወዋለሁ ጋሼ» አለኝ።

እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር የሄድኩት።

የያዝኩት ሲያልቅ ዝም አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። የፍሪጁ ድምፅ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህብኝ ነበር። አገሩ ያልተስማማኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ኪኒኑ ነው።

ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓምና አልፕራዞላም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቫሊየም፣ አቲቫን፣ ዛናክስ ስትሉ እነሱኑ ነው። አእምሮ ራሱን የሚያረጋጋበትን ሥራ ያግዙታል። ሳምንታት ሲያልፉ አእምሮ ሥራውን ለኪኒኑ ይተውና ይሰንፋል። ድንገት ስታቆሙት ማን ያረጋጋው? እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጭንቀት እጥፍ ሆኖ ይመጣል፣ ሲብስ ሰውን አንዘፍዝፎ ይጥላል። የሚሞትም አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 ከባዱን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው ያዘዘው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ መውረድ በደረጃ ነው፤ ከሐኪም ጋር። በተለምዶ ከምትወስዱት ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቀነስና ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይጠበቃል። የእኛ ልጅ 10 ሚሊግራም ስለሚወስድ የመጀመሪያው ቅናሽ ቢበዛ 1 ሚሊግራም ነው ማለት ነው። መጠኑ ሲያንስ ቅናሹም ያንሳል። አሜሪካ ባለ 2 ሚሊግራም ኪኒን አለ፣ ፈሳሹም አለ፤ በቢላ መፋለም አያስፈልግም። አልፕራዞላም ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ አንዳንድ ሐኪም መጀመሪያ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ወደሚቆየው ዲያዜፓም ያዛውራል። ቅናሹ ከከበዳችሁ ያላችሁበት መጠን ላይ ቆዩ። እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 ለዚሁ ችግር ክሊኒክ ያካሄደችው ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን ፍጥነቱን ታካሚው ራሱ ይወስን ትል ነበር። እኔ ዓመት ከሦስት ወር ፈጅቶብኛል። አላፍርበትም።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም በሁለት ሳምንት ጨርስ አለኝ። ሌላ ፈለግሁ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ጠይቁ። የአክስታችሁን ልጅ ይዛችሁ አትግቡ፤ እሱ ፊት የምትደብቁት ይኖራል። ደግሞ «ልቤ ፍስስ ይላል» ስትሉ ቃል በቃል ከተተረጎመ ቀጥታ ወደ ልብ ምርመራ ነው የሚወስዷችሁ። እኔን ወስደውኛል። ልቤ ደህና ነበር።

የቀረውን ያገዙኝ ሰዎች ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምስት የጎጃም ልጆች ቡና እንጠጣለን። አንዱ ከቢቸና፣ አንዷ ከሞጣ። ሦስታችን እዚያው ኪኒን ላይ የነበርን ነን፤ መጀመሪያ ያወራችው የሞጣዋ ናት። እሷ ባታወራ ሁላችንም በየቤታችን «እብድ ነኝ» ብለን እንቀር ነበር። ቅናሻችንን ካላንደር ላይ እንጽፋለን። «እኔ በሁለት ወር ጨረስኩ» ማለት ክልክል ነው። ኪኒን መካፈልም ክልክል ነው። እኛ አገር ለጎረቤት ኪኒን መስጠት ደግነት ነው፤ አሜሪካ ግን በስምህ የታዘዘውን ለሌላ መስጠት ወንጀል ነው። መጠን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ ቡናው አይደለም። ቡናው የሚረዳው ሌሊት ሲጨንቅህ የምትደውልለት ሰው ስለሚሰጥህ ነው። ሁሉም ከተኛ ደግሞ ወደ አገር ቤት ደውል። ዋሽንግተን ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን በበጋቸው ማርቆስ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ እናትህ ነቅታለች።

አረቄ አይነካ። እንቅልፍ ያመጣል ብሎ የሚመክር ዘመድ አይጠፋም። ከዚህ ኪኒን ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጠበሉስ? እናቴ ከግሽ ዓባይ የመጣ ልካልኝ ነበር፤ «ጠበል ከያዝክ ኪኒኑን ተወው» የሚል መልእክት ጨምራ። የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። «ጠጣው፣ ኪኒንህንም እንደታዘዝከው ውሰድ» አሉኝ። ሁለቱንም አደረግሁ።

ዛሬ ጠዋት ከልጁ ጋር ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። የመድኃኒቱ ስምና መጠን በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ተሰጠው። ፓኬቱንም እናቱ ከመሳቢያ አገኙት። ወረቀቱ ከፓስፖርቱ ጋር፣ ኪኒኑ ከነፓኬቱ በእጅ ቦርሳ ገባ። በድርቆሹ ብዛት ግን ከእናቱ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።