ከጎንደር ላሊበላ ስንት ደቂቃ ነው? ራሳችሁ አስሉት

እናቴ የምትኖረው ጎንደር ነው። ገናን ላሊበላ ማክበር ትወዳለች። ትኬቷን የምቆርጥላት ግን አዲስ አበባ ያለሁት እኔ ነኝ። ሁሌም «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ትለኛለች። ለየትኞቹም ሁለት ከተሞች መልሱን እንዴት እንደማገኘው ላሳያችሁ።

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ሁለት ቁጥር ይወጣል። የጎንደሩ 12.52 እና 37.43 ነው። የላሊበላው 11.97 እና 38.98። ከተማውን ሳይሆን ማረፊያውን ያዙ። ላሊበላ ላይ በሁለቱ መካከል ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ።

የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ቀንሱ፣ 0.55። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ111 ስታባዙት 61 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛዎቹን ቀንሱ፣ 1.55። ይሄኛውን በ109 አባዙት፣ 169። (ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር የኬንትሮስ መስመሮች ስለሚቀራረቡ ነው 111 ያላልኩት። ለደቡቡ 110 ውሰዱ።) 61ን በ61፣ 169ን በ169 አባዙና ደምሩ። ከዚያ ካልኩሌተሩ ላይ ስኩዌር ሩት ንኩ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። መኪናው በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና ስለሚዞር ከ350 በላይ ይሄዳል።

አሁን ጊዜው። አገር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አየር ላይ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። 180 ለ600 ሲካፈል 18 ደቂቃ ነው። ግን በ18 ደቂቃ አትደርሱም። አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ይንደረደራል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ዞሮ ይወርዳል። ለዚህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጨምራለሁ። ስለዚህ ለእማዬ 35 ደቂቃ ግድም እላታለሁ።

ይህ ቀጥታ በረራ ካለ ነው። ከሌለ ቦሌ ደርሶ መመለስ ግድ ይላል። ከጎንደር ቦሌ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቦሌ ላሊበላ ደግሞ ወደ 335። 180 የነበረው ከ750 በላይ ሆነ ማለት ነው። ሁለት በረራ፣ መሀል ላይ ጥበቃ፣ ቀኑ አለቀ። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የማየው ቀጥታ መሆኑን ነው። ለገና ከሆነ ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ ቦታ ቶሎ ያልቃል።

ቀጥታ ሲገኝ በስተቀኝ መስኮት ምረጡ። የኪው 400 ክንፍ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ታች ያለው ሁሉ ይታያል። ሰማዩ ጥርት ካለ ጣና እንደ ብር ሳህን ተዘርግቶ ታያላችሁ። እማዬ ጣናን ስታይ ታማትባለች።

የበረራው 35 ደቂቃ ግን የጉዞው ሁሉ አይደለም። ከጎንደር አዘዞ ማረፊያው ድረስ መኪና አለ። ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት አለ። ላሊበላ ወርዶም ወደ ከተማ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ አለ። ግማሽ ቀን ያዙለት።

ከሁሉም በላይ ግን ሰዓቱን ተጠንቀቁ። አንድ ዓመት ትኬቷ ላይ 7:40 ይላል። እማዬ በኛ አቆጣጠር አንብባው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ መስሏታል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦዋን በፌስታል ይዛ አዘዞ የደረሰችው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 1:40 ሄዷል። ስትደውልልኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት 6 ቀንሱ። 7:40 ማለት 1:40 ነው፤ 13:20 ማለት ደግሞ ከቀኑ 7:20። አሁን ትኬቱን ብቻ አልክላትም። ደውዬ «ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከአርባ» እላታለሁ፤ መልሳ እስክትነግረኝ ስልኩን አልዘጋም።