ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፦ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

መጀመሪያ ባሌ የሄድኩ ጊዜ የሳነቴን አምባ በመኪና ሽው ብዬ ነው ያለፍኩት። ያየሁት ድንጋይ፣ ጅብራና ጭጋግ። ራሴን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ቀይ ቀበሮ? ጭራዋንም አላየሁ። በሁለተኛው ጉዞ አስጎብኚው "እዚህ ቁጭ በልና አትነሳ" አለኝ። አርባ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ቀበሮዋ ራሷ መጣች። እንግዲህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እዚያች ድንጋይ ላይ በሰላም ለመቀመጥ የሚያስፈልገውን ነው።

1. ወሩን ምረጡ

ባሌ ላይ ዝናቡ ረጅም ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ እየመጣ ይሄዳል። ሰማዩ ጠርቶ የሚገኘው ከህዳር እስከ ጥር ነው። ብርዱም ያኔ ነው የሚብሰው፤ ሳነቴ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኔ ብርዱን እመርጣለሁ። ጭጋግ ውስጥ ቆሞ እንስሳ ከመፈለግ ጓንት ማድረግ ይሻላል።

2. ሻንጣችሁን ለብርድም ለፀሐይም አዘጋጁ

ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ሁለት ካልሲ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፤ የትኛውም የውጭ ጃኬት ጠዋት መኪና ውስጥ እንደ ጋቢ አያሞቅም። የፀሐይ ክሬም ደግሞ እንዳትንቁ። እዚያ ከፍታ ላይ ብርድ ብርድ እያላችሁ ፊታችሁ ይቃጠላል፣ የምታውቁት ማታ መስታወት ስታዩ ነው። ባይኖኩላር ካላችሁ ያዙ፣ ከሌላችሁ ተዋሱ።

3. መንገዱ

የፓርኩ መግቢያ የሆነችው የዲንሾ ከተማ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሻሸመኔ ወይም በአዳማና አሰላ በኩል ዶዶላ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ አዳባ፣ ከዚያ ዲንሾ። ለመንገድ አንድ ሙሉ ቀን መድቡ። ጊዜ የሌለው ሰው እስከ ሮቤ በአውሮፕላን መሄድ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ በቅርቡ ከተመለሰ ሰው ጠይቁ።

4. የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደሩ

የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው፣ የእኔም እንደዚሁ። "ቶሎ ቱሉ ዲምቱ እንውጣ!" ይባላል፤ የሳነቴ ከፍተኛው ጫፍ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሳነቴ ደግሞ 4,000 ሜትር አካባቢ። በአንድ ቀን ዘልሎ ለመውጣት የሚሞክር ሰው ራስ ምታቱን ይቻለው። ዲንሾ አንድ ሌሊት አድራችሁ፣ ውሃ በብዛት ጠጥታችሁ፣ መጠጡን ለመመለሻ ካቆያችሁት ሰውነታችሁ ይለምዳል። ሽቅብ ስትሄዱ ከባድ ራስ ምታትና ማስታወክ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጉብዝና አያዋጣም።

የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያው ዲንሾ ነው። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው፣ አስጎብኚ የሚገኘውም እዚያ ነው። ደረሰኙን እንዳትጥሉት፣ በሌላው በር ስትገቡ ትጠየቃላችሁ። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ "እኔ አገሬን አውቃለሁ" ብላችሁ ብቻችሁን አትውጡ። እነሱ በሩቁ የሚለዩትን እኛ በባይኖኩላርም አናየውም። በእግር ለብዙ ቀን መጓዝ ለሚፈልግ ፈረስና ጫኝም ይከራያል። ባሌ የፈረስ አገር ስለሆነ ፈረሶቹ ገደሉን ከእናንተ በላይ ያውቁታል።

ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ ዞር ዞር በሉ። የደጋ አጋዘን፣ ማለትም ኒያላ፣ ያለ ብዙ ፍለጋ የሚታየው እዚህ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። የሳይንሱ ዓለም ስም ያወጣለት በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፣ የባሌ ገበሬ ግን ከዚያ በፊትም እርሻው ላይ ሲያባርረው ኖሯል። ወንዱ ጠመዝማዛ ቀንድ አለው፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት ቆሞ ያያችኋል። የምኒልክ ድኩላና ከርከሮም እዚያው ይዞራሉ። ጊዜ ከተረፋችሁ በመንገዱ ማዶ ያለውን የጋይሳይን ሣር ሜዳ እዩ።

5. ሳነቴ፦ ዋናው ነገር

በማግስቱ ከሳነቴ ሥር ባለችው ጎባ ከተማ እደሩና በሦስተኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ቀበሮዎቹ ጎህ ሲቀድ በቡድን ሆነው ግዛታቸውን ይዞራሉ፣ ከዚያ ይበታተናሉ። አደን ግን ለየብቻ ነው። ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቀው፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት ጀምሮ፣ ምግባቸው ከጉድጓድ ይወጣል።

ምግባቸው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ከባሌ ሌላ የትም አይገኝም። ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ናቸው። ስለዚህ ቀበሮ ከመፈለግ ይልቅ ትኩስ አፈር የተቆለለበትን ጉድጓድ ፈልጉ። ከነፋሱ በታች ሆናችሁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ስልካችሁን ድምፅ አልባ አድርጉት። ከዚያ ምንም አታድርጉ።

መጀመሪያ አፈሩ ይነቃነቃል። ቀጥሎ ጥርሱ ይታያል፣ ከዚያ ጭንቅላቱ። ግማሽ ገላውን ጉድጓድ ውስጥ ትቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር በአፉ ይነጫል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጎትቶት ይገባል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ትዘላለች። እሷ ከአፈሩ ጋር የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች፤ እሷ ደንግጣ ስትነሳ እሱም ይሰወራል። ቀበሮዋ ስትመጣ ቀይ ካፖርት የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። አንድ እርምጃ፣ ቆም። ጆሮዋ ወደ ፊት። አንድ እርምጃ፣ ቆም። እኔ ያየኋት ዘልላ ሳተችው፣ ከዚያ በብስጭት አፈሩን ስትቆፍር ቆየች። እኛም ሳቃችንን አፍነን ቀረን።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። በኦሮምኛ "ጀዳላ ፈርዳ"፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይሏታል፤ ፈረስ ስትወልድ እንግዴ ልጁን ለመብላት ትከተላለች ስለሚባል ነው። ትልቁ ጠላታቸው ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. እዚያው ባሌ፣ በወብ ሸለቆ የተነሳ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ጨርሷል። ስለዚህ ውሻችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፣ የምግብ ትርፍራፊ አትጣሉ፣ ብስኩትም አትወርውሩ። መኪናውንም ቀስ አድርጉ፤ መንገዱ አምባውን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፣ በመኪና የተገጨች ቀበሮም አለች። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚወልዱ የዋሻቸውን አፍ ካያችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ፎቶው ይቅር።

ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እስከ ጫፉ መኪና ይወጣል። እይታው ጥሩ ነው፣ ግን እውነቱን ለመናገር ለፎቶ ካልሆነ እኔ ያንን ሰዓት ከፍልፈሉ ጉድጓድ አጠገብ ባሳልፈው እመርጣለሁ።

6. ወደ ሐረና ውረዱ

ከሳነቴ ደቡባዊ ጠርዝ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከውርጭ ወጥታችሁ አስታ ዛፍ፣ ከአስታው ወጥታችሁ ጭጋግ የለበሰ፣ ሽበት የሚመስል ነገር ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠልበት ደን ውስጥ ትገባላችሁ። ጃኬት ማውለቅ ይጀመራል። ጉሬዛዎች ከላይ ይዘላሉ። ቀርከሃው ውስጥ በስሙ የሚጠራ የባሌ ጦጣ አለ፣ ግን ዓይን አፋር ነው። ደኑ ውስጥ አንበሳም አለ፤ የማየት ዕድላችሁ ግን እምብዛም ነው።

ሪራ መንደር ላይ ቁሙና ማር ጠይቁ። የአካባቢው ሰው ቀፎውን ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ዝቅ ብሎ ወደ ደሎ መና በኩል ደግሞ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ ይበቅላል።

ወደ ጎባ ተመልሳችሁ ለማደር ካሰባችሁ ከሪራ በ9 ሰዓት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ አምባውን ሲሸፍነው ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም። በዚያ መሃል የበግ መንጋ መንገዱን ሲያቋርጥ የሚሰማችሁ የእረኛው ፉጨት ብቻ ነው።