ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ለመማር ካሰባችሁ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን እንዴት ትመርጣላችሁ?

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትሞላ ነበር። አንድ ቀን ሙቀቱ በረድ ሲል ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤቴ መጣችና «አጎቴ፣ ኤምቢኤ መማሬ ካልቀረ ከአሁኑ ማኔጅመንት ብገባ አይሻልም?» አለችኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚሁ አስቤ ነው ማኔጅመንት የገባሁት። ከዓመታት በኋላ ኤምቢኤ ስጀምር ግን ማርኬቲንግም፣ የሰው ኃይል አስተዳደርም፣ ሌላውም አብዛኛው በዲግሪ ያለፍኩበት ሆኖ አገኘሁት። አጠገቤ የሚቀመጠው የሲሚንቶ ፋብሪካ መሐንዲስ ግን መምህሩ ስለ ክምችት ሲያስረዳ እጁን አውጥቶ «የእኛ መለዋወጫ ጅቡቲ ሲዘገይ ምርት ይቆማል፤ ስንት ወር የሚበቃ እንያዝ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያን ዕለት እኔ የምጠይቀው ጥያቄ አልነበረኝም።

ለእሷ የነገርኳትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1. መጀመሪያ የምትሠሩበትን ዘርፍ ለዩ። ኤምቢኤ ማስተዳደርን ያስተምራል፤ የምታስተዳድሩትን ሥራ ከውስጡ የምታውቁት ግን በመጀመሪያው ዲግሪና በሥራ ላይ ነው። ድሬ በ1895 ዓ.ም ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ዛሬም እንጀራዋ ጭነት፣ ጉምሩክ፣ ፋብሪካና ንግድ ነው። ነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠናው ተመርቋል። ትራንዚት ድርጅት (የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስፈጽም) መምራት የሚፈልግ ልጅ ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን፣ ማለትም የዕቃ ማጓጓዝና አቅርቦት ትምህርት ቢማር፣ ፋብሪካ የሚያስብ ኢንጂነሪንግ ቢማር፣ ሐረር ሆስፒታል ማስተዳደር የምትፈልግ ፋርማሲ ወይም ነርሲንግ ብትማር ኤምቢኤው የሚያርፍበት መሬት ያገኛል። ኢንጂነሪንግና ጤና የሚገኙት በናቹራል በኩል ስለሆነ፣ ወሬው ገና 11ኛ ክፍል ሳይገባ ቤት ውስጥ መነሳት አለበት።

2. የሥራ ማስታወቂያ አንብቡ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው። አሥር ያህል ማስታወቂያ ሰብስቡና «ተፈላጊ ችሎታ» ከሚለው ሥር ያለውን ቃል በቃል ደብተር ላይ ገልብጡ። ለአስተዳደር ቦታ «በማኔጅመንት፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» ይላል፤ የምርት ክፍል ኃላፊ ሲፈለግ ግን የሚጠየቀው ኢንጂነሪንግ ነው። «ተዛማጅ» የምትለዋን ቃል አትለፏት። የእናንተ ዲፓርትመንት በእሷ ውስጥ ይቆጠር እንደሆነ የድርጅቱን የሰው ሀብት ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ። የሥራ ልምዱንም ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ከምረቃ በኋላ ያለው ብቻ ነው።

3. የኮርስ ዝርዝሮችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የዲግሪውን ከተመራቂዎች፣ የኤምቢኤውን ከሬጅስትራር ታገኛላችሁ። ስማቸው የሚመሳሰሉትን አስምሩባቸው። መስመሩ ከበዛ ሁለት ዓመትና ብዙ ገንዘብ ለድግግሞሽ ልታወጡ ነው ማለት ነው። እዚያው ሳላችሁ ፕሮግራሙ ከሌላ ሙያ የመጣ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ፣ ማሟያ ኮርስ ያስወስድም እንደሆነ ጠይቁ። ውጭ አገር ያሉ ብዙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ዲግሪው በምን እንደሆነ አይገድቡም፤ ጂማት ወይም ጂአርኢ የሚባለውን ፈተናና የዓመታት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ።

4. ከቁጥር አትሽሹ። የትኛውንም ብትመርጡ ስታቲስቲክስና መሠረታዊ አካውንቲንግ ያስፈልጋችኋል። ዴቢትና ክሬዲት የማይለይ ሰው ፋይናንስ ኮርስ ላይ ሲቸገር አይቻለሁ። አካውንቲንግን እኔ ከሌሎቹ የቢዝነስ ትምህርቶች ለይቼ ነው የማየው፤ ኤምቢኤ ባይከተለውም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

5. ውጤት የምታመጡበትን ምረጡ። ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ በውጤት ነው፤ በኋላም ማስተርስ ስታመለክቱ ትራንስክሪፕታችሁ ይታያል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለማስተርስ ደግሞ አገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት፣ ይጠብቃችኋል። የማትወዱትን ትምህርት አራት ዓመት ተሸክሞ እዚህ ሁሉ መድረስ ከባድ ነው።

6. በዲግሪውና በኤምቢኤው መሃል ሥሩ። ሁለት ሦስት ዓመት ይበቃል። ሥራውን ላለመልቀቅ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም አለ።

የእህቴ ልጅ ቅጹ ላይ አንደኛ ሎጂስቲክስ፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ ብላ ሞላች። እናንተ ማኔጅመንት ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ አሁንም አልረፈደም፤ አፓረንትሺፑን (ከምረቃ በፊት ያለውን የሥራ ላይ ልምምድ) አንድ ትራንዚት ድርጅት ወይም ፋብሪካ ውስጥ ያዙ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም እዚያው ባያችሁት ችግር ላይ ሥሩ። ከዚያ ኤምቢኤ ስትገቡ እንደዚያ መሐንዲስ እጃችሁን አውጥታችሁ የምትጠይቁት ይኖራችኋል።