ላዳ በሚኒሞ ሲንቀጠቀጥና አንድ ሲሊንደር ሲስት፦ ችግርና መፍትሔ

ባለ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው ዕቃ) ላዳ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ ሲሠራ፣ ሲንቀጠቀጥ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡራቶሩን ነው። ደጋግሜ ያየሁት በሽታ ግን ያለው የስፒንትሮጀኑ (እሳቱን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ክዳን ውስጥ ሲሆን፣ ካርቡራቶሩ አላግባብ ከተነካካ በኋላ ምርመራው በእጥፍ ይከብዳል።

የሚስተውን ሲሊንደር ለመለየት ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ገመዶቹን እጀታው በላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ አንድ በአንድ ይንቀሉ። በባዶ እጅ ከተነካ ክፉኛ ይነዝራል፤ የተነቀለውንም ገመድ አንጠልጥሎ መተው ቦቢናውን (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨውን ጥቅል) ስለሚጎዳ ወዲያው ይመልሱት። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ የማይሠራው ሲሊንደር እርሱ ነው። ካንዴላው በቤንዚን ረጥቦ ከወጣ እሳት እየደረሰው አይደለም፤ በዘይት ከተለወሰ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ይመርመር። አራቱም በደረቅ ጥላሸት ከጠቆሩ ቤንዚን በዝቷል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነውና ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል።

ችግሩ ጠዋት ወይም ከዝናብ በኋላ ብሶ ቀትር ላይ የሚሻለው ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ክዳኑ ይሂዱ። ሞተሩን በላቫጆ በግፊት ውሃ የሚያሳጥቡ ባለንብረቶች ይህን በሽታ በገዛ ገንዘባቸው ይገዙታል። ክዳኑን አድርቀው፣ ገልብጠው ወደ ብርሃን ይያዙት። በሁለት መሰኪያዎች መካከል ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ከታየች፣ እሳቱ በእርሷ ላይ እየተጓዘ ወደማይገባው ሲሊንደር ይሄዳል። በምላጭ መፋቅ ለጥቂት ቀን ያታልላል እንጂ የተቃጠለው ፕላስቲክ ስለማይድን ክዳኑ መለወጥ አለበት።

አንድ የላዳ ታክሲ ካርቡራቶሩ ታጥቦ፣ ካንዴላዎቹም ተለውጠው ያው እየሳተ መጣ። መስመሯ በአራተኛውና በሁለተኛው መሰኪያ መካከል ነበረች፤ የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ስለሆነ ሁለቱ ክዳኑ ላይ ጎረቤቶች ናቸው። ባለቤቱ አዲስ ክዳን ገዝቶ ቢገጥም መኪናው ጭራሽ ባሰበት፤ በክዳኑ መሃል ያለችው የከሰል ጫፍ ወደ ውስጥ ገብታ ስለተጣበቀች ከክዳኑ ሥር እየዞረ እሳቱን የሚያድለውን ሮተር አትነካም ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ በአዲስ ካርቶን አሽጎ መሸጥ ነውር ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከሰሏን በጣትዎ ይጫኑ፤ በስፕሪንጓ ተገፍታ ካልተመለሰች አይግዙ። በዚያው ሮተሩ ላይ ያለውን ሬዚስተር ይለኩ፤ ጤነኛው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ኦም ያሳያል።

ፑንቲናው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ደግሞ ከ0.5 እስከ 0.6 ይሁን። አዲስ ፑንቲና ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩ ይለወጥ። ገመዶቹን በጨለማ ኮፈኑን ከፍተው ይመልከቱ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ሞተሩ ብረት የሚዘልበት ገመድ አይጠገንም። በዚህ ጊዜ ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑም የተያዘ መሆን አለበት፤ ነጠላም ሆነ የተንጠለጠለ እጅጌ ወደ ቬንትሌተሩ አይቅረብ።

በሚኒሞ ተንቀጥቅጦ ነዳጅ ሲሰጡት የሚረጋ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከካርቡራቶሩ ሥር ወይም ከማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚኑን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ቱቦ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አየር ይስባል። ቀዳዳውን ቤንዚን እየረጩ የሚፈልጉ አሉ። በላዳ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ስለሆኑ ይህ መኪናውን ማቃጠል ነው፤ በፍጹም አይሞከር። ብሎኖቹን ማጥበቅና ጓርኒሲዮኑን መለወጥ ይበቃል።

እሳቱም አየሩም ደህና ሆኖ ያው ሲሊንደር ከሳተ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ይለካ። ሞተሩ ቀዝቅዞ የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ ኮምፕሬሽኑ ከወረደ፣ ቫልቩ ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይ ክፍል) ይፈታ።