የባንክና የጥቁር ገበያ ዶላር፦ ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት

ጎንደር ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ለዚህም ነው «ዛሬ ዶላር ስንት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ከፒያሳ እስከ አዘዞ የማይቀረው። መልሱ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይመጣል። ማን ለማን የሸጠበት ዋጋ እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም።

መጀመሪያ የባንኩን ሰሌዳ እዩ። ከዶላር ጎን መግዣና መሸጫ የሚል ሁለት ዋጋ አለ። መግዣው ባንኩ ከእናንተ ዶላር ሲቀበል የሚከፍላችሁ ነው፤ መሸጫው ደግሞ ለእናንተ ሲሸጥ የሚጠይቃችሁ። ብር ለሚላክለት ሰው ጉዳዩ መግዣው ብቻ ነው። ጥቁር ገበያውም እንዲሁ ሁለት ዋጋ አለው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው፤ የባንኩን መግዣ ከጥቁር ገበያው መሸጫ ጋር ያስተያይና ልዩነቱ ሰማይ ይነካበታል። መግዣን ከመግዣ ጋር አስተያዩ፣ ያውም የአንድ ቀኑን። የባለፈው ሳምንት ወሬ አይሠራም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን ቀንሱ፣ የቀረውን ለባንኩ ዋጋ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ለምሳሌ ባንክ በ150፣ ጥቁር ገበያው በ168 ብር ቢገዛ ልዩነቱ 18 ብር፣ ማለትም 12 በመቶ ነው። መቶኛውን ያዙ እንጂ ብሩን አትዩ። ዶላር 50 ብር በነበረበት ጊዜ ያው 18 ብር 36 በመቶ ይሆን ነበር።

ክፍተቱ ከየት መጣ? እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ የባንኩ ዋጋ 57 ብር አካባቢ ሲሆን የጥቁር ገበያው ከ100 በላይ ነበር። በዚያ ዋጋ ባንኮች የሚሸጡት በቂ ዶላር አልነበራቸውም፣ አስመጪው ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወረፋ ይጠብቅ ነበር፣ መጠበቅ ያቃተው ወደ ጥቁር ገበያ ሄደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። የባንኩ ዋጋ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፣ ክፍተቱም ጠበበ። ግን አልጠፋም፤ ባንክ ሰነድ ይጠይቃል፣ ለመንገደኛ የሚሸጠውም በልክ ነው። አሁን እያንዳንዱ ባንክ የየራሱን ዋጋ ስለሚያወጣ አንዱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ።

በአፕ የሚላክ ከሆነ ደግሞ በከፍተኛ ዋጋ አትደለሉ። ልጃችሁ 300 ዶላር ልትልክ ነው እንበል። አንዱ አፕ በ150 ብር መንዝሮ ምንም ክፍያ አይወስድም፤ 45,000 ብር ይደርሳችኋል። ሌላው 153 ብር ይላል፣ ግን 8 ዶላር ይቆርጣል። 292 ሲባዛ በ153፣ 44,676 ብር ነው። ዋጋው በልጦ ብሩ አነሰ። ስለዚህ ልጅቱን «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለት «እጄ ላይ ስንት ብር ይገባል?» ብላችሁ ጠይቋት።

«በሰው በኩል ይሻላል» የሚላችሁ አይጠፋም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ልጅቱ ዶላሩን እዚያ ላለ ሰው ትሰጣለች፣ እዚህ ያለው ሸሪኩ ደግሞ ብሩን በእናንተ አካውንት ያስገባል። ከባንክና ፈቃድ ካለው ምንዛሬ ቤት ውጭ መመንዘር ሕገወጥ ነው። ደረሰኝ የለም። ሰውየው ስልኩን ቢያጠፋ የምትከሱበት ወረቀት የላችሁም፣ ምንጩ የማይታወቅ ብር ስለገባም አካውንታችሁ ሊታገድ ይችላል። በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ እናትና አባት ይህን ቁጭ ብላችሁ አስረዱልኝ፤ 12 በመቶ አገኛለሁ ብለው የዓመት ቀለባቸውን አደጋ ላይ እንዳይጥሉት።

ጥሬ ዶላር እጃችሁ ላይ ካለ ባንክ ስትሄዱ መታወቂያ ያዙ፣ ተራ ከመያዛችሁ በፊት የዕለቱን የጥሬ ገንዘብ መግዣ ጠይቁ፤ ሰሌዳው ላይ ከዝውውሩ (በባንክ ከሚላከው ዶላር) ዋጋ ተለይቶ ሊጻፍ ይችላል። ደረሰኙን ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትራቁ።