ብርሃን ያለው የጥርስ ብሩሽ፦ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም፣ እንዴት ይያዛል

ብርሃን የሚያበራ የጥርስ ብሩሽ ወደ ቤት የሚገባው ወይ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ተገዝቶ ነው፣ ወይ ከዓረብ አገር በዘመድ ሻንጣ። ማሸጊያው ላይ ጥርስ ያነጣል፣ ጀርም ይገድላል፣ ድድ ይጠግናል የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ከዚህ ሁሉ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚወስኑት የብርሃኑ ቀለምና ጉልበት ናቸው። ስለዚህ አፍዎ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት የያዙትን ይለዩ።

የትኛው ብርሃን ነው?

ሰማያዊው ከ400 እስከ 470 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ያለ ብርሃን ነው። ድድ ሥር ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ፖርፊሪን የሚባል ንጥረ ነገር በውስጣቸው ይይዛሉ። ፖርፊሪን ሰማያዊ ብርሃንን፣ በተለይ ወደ 405 ናኖሜትር የሚጠጋውን፣ ሲመጥ በአጠገቡ ያለውን ኦክስጅን ጎጂ ያደርገውና ባክቴሪያውን ከውስጥ ያቃጥለዋል። በቤተ ሙከራ ይህ በደንብ ይታያል። አፍ ውስጥ ግን ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው።

ቀዩ ከ620 እስከ 660 ናኖሜትር ገደማ ነው። ባክቴሪያ ለመግደል ሳይሆን የድድን እብጠት ለመቀነስና ቁስል ቶሎ እንዲድን ለመርዳት የሚሰጥ ነው። አንዳንዱ ብሩሽ ለዓይን የማይታይ 850 ናኖሜትር አምፖልም ይጨምራል። ይህኛው መሥራቱን ለማወቅ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክዎን የፊት ካሜራ ያዙሩበት፤ በብዙ ስልኮች ላይ ደብዛዛ ሐምራዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

ሦስተኛዎቹን ማስታወቂያው ብዙም አያነሳቸውም፦ በየ30 ሰከንዱ ብልጭ የሚለው፣ 2 ደቂቃ ሲሞላ የሚጠፋው፣ ብሩሹን አጥብቀው ሲጫኑ ቀይ የሚሆነው። በእኛ ግምት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ብርሃን ይህ ነው። ጥርስ ላይ የሚያደርገው ነገር የለም፤ የሚያርመው እጅዎን ነው።

ለምን እንዲህ እንደምንል ትንሽ ሂሳብ ያሳያል። የብሩሹ ራስ በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊዋት ያወጣል እንበል። ራሱ በአንድ ጊዜ ሁለት ጥርስ ይሸፍናል። 28 ጥርስ በውጭና በውስጥ በኩል ሲቆጠር 28 ቦታ ይሆናል። 120 ሰከንድ ለ28 ሲካፈል ለአንዱ ቦታ የሚደርሰው 4 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ይህም በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.04 ጁል (የጉልበት መለኪያ) ማለት ነው። ድድ ላይ የሚደረግ የቀይ ብርሃን ሕክምና ግን በጁሎች ነው የሚቆጠረው። 2 ጁል ለማድረስ አንዱ ቦታ ላይ 200 ሰከንድ መቆም አለብዎት፤ አፉን በሙሉ ለማዳረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። ባክቴሪያ ለመግደል የሚያስፈልገው የሰማያዊ ብርሃን መጠን ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። የሳሙናው አረፋ ብርሃኑን ሲበትነው ከታሰበው ላይ ሌላም ይቀነሳል።

ስለዚህ ሥራው የፀጉሩ ነው፤ ብርሃኑ ተጨማሪ ነው።

ሲገዙ የሚታይ

ቻርጀሩ ላይ በደቂቅ የተጻፈውን ያንብቡ። «100-240 ቮልት» ካለ የእኛን 220 ይችላል። ከአሜሪካ የመጣና «120» ብቻ የሚል ከሆነ አይሰኩት። የሶኬት መለወጫ የሚለውጠው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ስለሆነ ቮልቱ እንዳለ ይገባል፤ ቻርጀሩም ሊቃጠል ይችላል። ከዱባይ የሚመጣው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ግን ቮልቱ ይስማማል፤ መለወጫ ብቻ ይበቃዋል።

ውሃ መቋቋሙን «አይፒኤክስ 7» የሚል ምልክት ይነግርዎታል፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። ምልክቱ ከሌለ ብሩሹን ከወራጅ ውሃ ሥር ሲያጥቡ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይያዙ።

መለዋወጫ ራስ በተናጠል የሚሸጥ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ፀጉሩ በሦስት ወር ይደክማል። ያንን ራስ ዳግመኛ የማያገኙ ከሆነ ውድ አምፖል ገዝተው በተንጨባረረ ፀጉር ሲቦርሹ ይከርማሉ።

አቦራረሱ

መጀመሪያ የአጫጫን ልክዎን ይወቁ። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ካለ ብሩሹን ሳያበሩ ፀጉሩን ሚዛኑ ላይ ያሳርፉና 150 እስኪል ይጫኑ። 150 ግራም ለእጅ ብሩሽም በቂ ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ከዚያም ያነሰ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው «ይሄማ መንካት ብቻ ነው» ይላል። አዎ፣ መንካት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲጫኑ ፀጉሩ ይተኛል፣ ጫፉ ከጥርሱ ይነሳል፣ የሚፋቀው ድድዎ ይሆናል።

ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ይሁን፤ ፍሎራይዱ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም መሆኑን ቱቦው ላይ ያዩታል። ፀጉሩን ድድና ጥርስ በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ 45 ዲግሪ ወደ ድዱ አጋድለው ያሳርፉ። የሚንቀጠቀጥ ብሩሽን ወዲያ ወዲህ መፈተግ አያስፈልግም፤ ከጥርስ ወደ ጥርስ ቀስ ብለው ይውሰዱት። አፉን በአራት ይከፋፍሉት፤ ብልጭታው ሲነግርዎት ወደሚቀጥለው ሩብ ይሻገሩ። ብልጭታው ሳይመጣ ጨርሰው ከቆዩ የታችኛውን የፊት ጥርስ የውስጥ ገጽ ዘለውታል ማለት ይሆናል። ታርታር (ጥርስ ላይ የደነደነ ቆሻሻ) ቶሎ የሚጋገረው እዚያ ነው።

በርጫ ላይ የዋለ ሰው ጫቱን የሚያኖርበት ጉንጭ ይታወቃል። መቦረሽ ከዚያ በኩል ይጀመር፣ እጅ ሳይደክም። ከጫቱ ጋር ለስላሳ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ከተጠጣ ግን ወዲያው አይቦርሹ። አፍዎን በውሃ ተጉመጥምጠው 30 ደቂቃ ይቆዩ። የለስላሳው አሲድ የጥርሱን ገጽ ለጊዜው አለስልሶታል፤ በዚያ ሰዓት የሚንቀጠቀጥ ፀጉር ማሳረፍ መፈግፈግ ነው። በዚያው ጉንጭ ነጭ ልባስ ካዩ፣ በጣት ሲጠርጉት ካልተነሳና ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ለጥርስ ሐኪም ያሳዩት። ቀይ ብርሃን አብርተውበት አይጠብቁ።

ብርሃኑ ከእንቅጥቃጤው ተለይቶ የሚበራ ከሆነ ቦርሸው አረፋውን ከተፉ በኋላ ይጠቀሙበት። የሚደማ ወይም ያበጠ ቦታ ይምረጡ፤ ራሱን ሳያንቀሳቅሱ ድዱ ላይ አስጠግተው 60 ሰከንድ ይያዙ። ከላይ ባለው ሂሳብ 0.6 ጁል ይሆናል። ትንሽ ነው፣ ግን ከ0.04 አሥራ አምስት እጥፍ ነው። ድዱ በየቀኑ በደንብ እየተቦረሸም ሁለት ሳምንት ካለፈውና አሁንም ከደማ ከሥሩ ታርታር ሊኖር ይችላል፤ ታርታርን በመሣሪያ የሚያነሳው ሐኪም ነው። ሲጨርሱ ሳሙናውን ይትፉ እንጂ አፍዎን በውሃ አይለቅለቁ፤ ፍሎራይዱ ይቆይ።

መፋቂያ የለመደ ሰው መፋቂያውን መተው የለበትም። ወይራም ይሁን አዳይ፣ ጫፉ ታኝኮ ሲለሰልስ የውጭውን ገጽ በደንብ ያጸዳል። የሚጎድለው የመንጋጋ የውስጥ በኩል ነው፤ ቀን በመፋቂያ፣ ማታ በብሩሽ ማድረግ ይቻላል።

«ያነጣል» የሚባለው

የጫት፣ የቡናና የሻይ ቡናማ ቀለም የሚነሳው በመቦረሽና በሐኪም እጥበት ነው። ከዚያ በታች ያለውን የጥርሱን የራሱን ቢጫነት የሚያነጣው ፐርኦክሳይድ ያለው ጄል ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ብቻውን አያነጣም። አብርተው ሲጨርሱ ጥርስ ነጣ ብሎ የሚታየው አፍ ተከፍቶ ሲቆይ ጥርሱ ስለሚደርቅ ነው፤ የደረቀ ጥርስ ነጭ ይመስላል፣ ምራቅ ሲመለስበት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሰው ሠራሽ ጥርስና የተሞላ ጥርስ ደግሞ በጄልም አይነጣም፤ ዙሪያው ሲነጣ እሱ ጎልቶ ይቀራል።

ለልጆች

ብልጭ ድርግም የሚለው የልጆች ብሩሽ ጥሩ ነገር ነው። ልጁ መብራቱ እስኪጠፋ መቦረሽ ይወዳል። ብዙዎቹ የሚበሩት 1 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ለላይ አንድ ጊዜ፣ ለታች አንድ ጊዜ ይጫኑት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ያህል ይሁን።

አደጋው ባትሪው ነው። ርካሾቹ እጀታ ውስጥ የልብስ ቁልፍ የሚመስሉ ትንንሽ ክብ ባትሪዎች ይኖራሉ። ክዳኑ በብሎን ያልታሰረ ወይም ሲጠመዘዝ በቀላሉ የሚወልቅ ከሆነ አይግዙ። ልጅ ክብ ባትሪ ከዋጠ ጉሮሮ ውስጥ በሁለት ሰዓት ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። እንዲያስታውክ አያድርጉ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ይቻላል፤ ማር ፍለጋ ግን ጉዞው አይዘግይ።

ሙቀትና ውሃ

የድሬ ሙቀት ለባትሪ ጠላት ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ማታ ወይም ማለዳ ቻርጅ ያድርጉት። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚያንገራግር ከሆነ ይንቀሉት፤ የተረጋጋ ሲሆን ይመልሱት።

ውሃው ሌላ ጣጣ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ብሩሹ አምፖል ላይ ባለችው ገላጭ ፕላስቲክም ይጋገራል፤ የሳሙና ቅሪት ሲጨመርበት መስኮቷ ወተት ትመስላለች፣ ብርሃኑም ይደበዝዛል። ራሱን ከእጀታው ነቅለው አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል በቀላቀሉበት ብርጭቆ ውስጥ 20 ደቂቃ ይዝፈቁት፣ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፣ በደንብ ይለቅልቁት። እጀታውን አይዝፈቁ። በረኪናም አይጠቀሙ፤ ብረቱን ይበላዋል።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነና ድንጋዩ የሚነካው ብረት ላይ ነጭ ዱቄት ከታየ ድንጋዩ አፍስሷል። የአልካላይን ባትሪ ፍሳሽ አሲድ ሳይሆን ተቃራኒው ስለሆነ አቼቶ በነካ የጆሮ ጥጥ ሲጠርጉት ይረክሳል። ከዚያ በውሃ በረጠበ ጥጥ ይድገሙት፣ ያድርቁት፣ ሁለቱንም ድንጋይ አዲስ ያድርጉ። አንዱን አሮጌ ትተው ቢያቀላቅሉ እንደገና ያፈስሳል።

ብሩሽ የሚቀመጥባቸው የጀርም መግደያ ሳጥኖች ነገር አጭር ነው። እውነተኛው ጀርም ገዳይ አልትራቫዮሌት ከ254 እስከ 280 ናኖሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ ለዓይን አይታይም፣ ዓይንንም ያቃጥላል፣ ስለዚህ ክዳኑ ሲከፈት ራሱ መጥፋት አለበት። ክዳኑ ተከፍቶ ሐምራዊ እያበራ የሚያምር ከሆነ ብዙ ጊዜ የጌጥ አምፖል ነው። የብር ኖት ላይ ምልክት ማብራቱም ማስረጃ አይሆንም፤ ተራ የብር መፈተሻ መብራትም ያንን ያደርጋል። እውነተኛው ቢሆን እንኳ ፀጉሩ ሥር ያለውን ጥላ አይደርስበትም። ብሩሹን አራግፈው፣ አቁመው፣ ከሌላ ሰው ብሩሽ ሳይነካ አየር ላይ ማድረቅ ለጤነኛ ሰው ይበቃል።

ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን ሳይጠቀሙ ሐኪም መጠየቅ ያለባቸው አሉ፦ ፖርፊሪያ (ሰውነት ፖርፊሪን የሚያከማችበት በሽታ) ወይም ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለበት፣ ብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የሚወስድ (ለወባ መከላከያ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን አንዱ ነው)፣ አፉ ውስጥ ያልታወቀ እብጠት ያለበት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ብልጭ ድርግም የሚለውን ብሩሽ ይተው።

ብሩሽዎ መሥራቱን በቤት መፈተን

ማታ እንደ ልማድዎ ይቦርሹ። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ 5 ጠብታ ቀይ የምግብ ቀለም ያድርጉ፣ 30 ሰከንድ ይጉመጥመጡበት፣ ይትፉ፣ አንዴ በውሃ ይለቅለቁ። መስታወት ፊት በስልክ ባትሪ ብርሃን ይዩ፤ ቀለሙ የቀረበት ቦታ ፕላክ (ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ለስላሳ የባክቴሪያ ሽፋን) የቀረበት ነው። በድዱ ዳር በቀጭን መስመር ከቀረ ፀጉሩን አላጋደሉም። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ብሩሹን በሚይዙበት እጅ በኩል ነው፤ እጅ ወደዚያ ሲታጠፍ ይቸገራል። በጥርስና በጥርስ መካከል ከሆነ የብሩሹ ጥፋት አይደለም፤ እዚያ የሚገባው የጥርስ ክር ነው። ቀለሙ ከንፈር ላይ እስከ ጠዋት ሊቆይ ስለሚችል ሠርግ ባለበት ዋዜማ አይሞክሩት፤ ነጭ ፎጣም ያርቁ።