ወጥመዱ ደህና ነው፤ አይጧ የምትሸሸው ዕቃውን ነው

ወጥመዱ ይሠራል። ሞላው ጠንካራ ነው። የተቀመጠውም ግድግዳ ጥግ፣ አይጧ በምትመላለስበት መስመር ላይ ነው። ሲነጋ ግን ማማለያው እንዳለ ነው። ብዙ ሰው ይሄኔ ማማለያ መቀያየር ይጀምራል። ኑጉን ትቶ ኦቾሎኒ፣ ኦቾሎኒውን ትቶ የጣና አሳ። እኔ ወጥመድ እየሠራሁ፣ ማማለያም እየቀመምኩ የምሸጥ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ አቤቱታ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ማማለያውን በምን ዕቃ ነው ያስቀመጥከው?» የሚል ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ጀሪካን ነው።

ወጥመድ እንዴት እንደሚጠመድ እዚህ አልደግምም። የማወራው ስለ ዕቃው ነው። ማማለያ ስልም መርዝ ያልነካውን፣ ለወጥመድ ብቻ የሚሆነውን ማለቴ ነው።

ማማለያው ሻገተ

በትኩሱ ተከድኗል ማለት ነው። የተቆላ ኑግ ወይም ኦቾሎኒ ተወቅጦ ገና ሳይበርድ ከታሸገ፣ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ያዥና ጠብ ጠብ እያለ ይመለሳል። ሰፊ ትሪ ላይ አስጣው፤ በደንብ ይብረድ፤ ከዚያ ክደነው። የሻገተውን ለዶሮ እንዳትሰጥ። ኦቾሎኒ ላይ የሚወጣ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ቅበረው።

ቆርቆሮው ዛገ

የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ለደረቅ ነገር ጥሩ ነው። እርጥብ፣ ጨዋማ ወይም ኮምጣጣ ነገር አታስገባበት።

መንገድ ላይ ዘይቱ በክዳኑ ወጣ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ። ሽቅብ በወጣህ ቁጥር የውጭው አየር ይሳሳል፤ ዕቃው ውስጥ የታሸገው አየር ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋል። ሲገፋ ዘይቱንም ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ብልቃጡን እስከ አፉ ሙላው፣ አየር አታስቀርበት። አቁመህ ጫነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ደግሞ የፕላስቲክ ዕቃ ይጨማደዳል። እሱ ችግር የለውም፣ ተወው።

ብልቃጡ ፈነዳ

ማማለያ ውስጥ አተላ ወይም እርሾ ያለው ሊጥ የሚጨምሩ አሉ። ሽታው ከሩቅ ይጣራል፣ እውነት ነው። ግን እርሾው ስለታሸገ ሥራውን አያቆምም። ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ይሰብረዋል። ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። የሚብላላ ነገር ብርጭቆ ውስጥ አጥብቀህ አትዝጋ። መብላላቱ እስኪያበቃ አፉን በንጹሕ ጨርቅ እሰረው። ልጆች በሚደርሱበት ቦታ አታቆየው። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይም አታስቀምጥ። እርጥብ የአሳ አንጀትም ሲበሰብስ ጋዝ ያወጣል። አሳ ከፈለግክ ቋንጣ አድርገው፤ ክው ብሎ ሲደርቅ ወቅጠህ አስቀምጠው።

ማማለያው ማስቀመጫው ውስጥ እንዳለ ተበላ

ፕላስቲክ ለአይጠ መጎጥ ጥርስ ምንም አይደለም። የባልዲውን ክዳን ዳር ዳሩን ቀርጥፋ ትገባለች። ቅልም ትበሳለች። ፌስታልማ አይነሳ። ብርጭቆ ወይም ቆርቆሮ ያዝ።

አይጧ ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ትመለሳለች

ከሌላው ሁሉ በላይ የሚያጋጥመኝ ይሄኛው ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው። ማታ ወጥመዱ ዙሪያ የተነፋ አመድ ስስ አድርገህ ነስንስ። ጠዋት ዱካውን እይ። ዱካ ጭራሽ ከሌለ ቦታው ነው የተሳሳተው። ዱካው መጥቶ መጥቶ ወጥመዱ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆሞ ከዞረ ግን ሽታ መልሷታል። የፊት እግሯ ጣቶች የቆመችበት ቦታ ላይ ጠለቅ ብለው ይታያሉ። ከዚያ የጅራቷ መስመር ተጠማዝዞ ወደመጣችበት ይሄዳል።

ሽታው የሚመጣው ከፕላስቲክ ነው፣ በተለይ ከአሮጌ ፕላስቲክ። ላምባ የተቀዳበት፣ በረኪና የነበረበት፣ የሞተር ዘይት የተመላለሰበት ጀሪካን። ጀሪካን የሚሠራው ፖሊኤቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ላምባ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ላዩ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውሃና ሳሙና ደግሞ ላዩን ነው የሚያጥበው። ታጥቦ ሲደርቅ ለአንተ አፍንጫ ንጹሕ ነው። ቅባት ሲገባበት ግን ቅባቱ የሰረገውን ላምባ መልሶ ይስበዋል። ማማለያ ደግሞ ያው ቅባት ነው። ኑግ፣ ኦቾሎኒ፣ ቅቤ፣ የአሳ ስብ። ሳታውቀው በላምባ የታሸ ምግብ ለአይጧ ታቀርባለህ።

የቤቷ ትንሿ አይጥ ደፈር ትላለች። ጎተራ የምታራቁተው አይጠ መጎጥ ግን ያልለመደችውን ነገር በጣም ትጠራጠራለች። ሌላም ነገር አለ። አይጥ የሌላዋን አይጥ አፍ አሽታ ምን እንደበላች ታውቃለች። ያንን ሽታ ምግብ ላይ ስታገኘው ደፍራ ትበላለች። ጎተራው ውስጥ አፏ ላምባ ላምባ የሚል አይጥ የለችም።

ቡሬ አካባቢ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። በቆሏቸው ከገባ በኋላ ጎተራውን አይጥ ወረረባቸው። ከእኔ የወሰዱት ኑግ አልሠራ ሲላቸው «ልጄ፣ የከሸፈ ኑግ ነው የሰጠኸኝ» ብለው መጡ። ኦቾሎኒ ሰጠኋቸው። እሱም አልሠራም። በኋላ «አባባ፣ ማስቀመጫውን ራሱን ያምጡልኝ» አልኩ። ከአንገቱ በቢላ የተቆረጠ አሮጌ ጀሪካን፣ በፌስታል የተከደነ፣ ይዘው መጡ። «በፈላ ውሃ ነው ያጠብኩት» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ነጥቷል። ጣት የምታህል ትኩስ ቅቤ ውስጡ አድርጌ፣ አፉን አስሬ፣ ሌሊቱን ምድጃ ዳር አሳደርኩት። ጠዋት ከፍተው እንዲያሸቱት ሰጠኋቸው። አፍንጫቸውን ያዙ። «ኧረ ላምባ ነው!» አሉ። ያንኑ የከሸፈ ያሉትን ኑግ ከእኔ ዘንድ ካለው ላይ በማርማላታ ብልቃጥ ሞልቼ ላክሁላቸው። ወጥመዱ ያችኑ ሌሊት ያዘ።

ፍኖተ ሰላም ያለችው ነጋዴ ደግሞ ብርጭቆ ነበር የያዘችው። «በጀሪካን አታስቀምጪ ብለኸኝ ይኸው በብርጭቆ አድርጌ!» ብላ ተቆጣችኝ። ልክ ናት። «እቴ፣ እስኪ ክዳኑን አሳይኝ» አልኳት። ብልቃጡ ቀድሞ የፀጉር ቅባት ይዞ ነበር። ብርጭቆ ሽታ አይዝም፣ ታጥቦ ጠርቷል። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ስስ ላስቲክ ግን ሽቶውን እንዳለ ይዛዋለች። ክዳኑን ጥላ ንጹሕ አቡጀዴ በገመድ አሰረችበት። እስካሁን በዚያው ብልቃጥ ትጠቀማለች።

እንግዲህ መፍትሄው ይሄ ነው። አፉ ሰፋ ያለ፣ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ፈልግ። ቀድሞ ምግብ የያዘ ይሁን። ሽታ በሌለው ሳሙና እጠበው። መዓዛ ያለው የዱቄት ሳሙና ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። ክዳኑን ለብቻው አሽትተው፣ በርበሬ ወይም ሽቶ ከሸተተህ ቀይረው። ከዚያ የቅቤውን ሙከራ አድርግ። ቅቤው ጠዋት ቅቤ ብቻ ከሸተተ ዕቃው አልፏል። ብርጭቆ ጨርሶ ካጣህ አዲስ የምግብ ፕላስቲክ ግዛ። ቂጡ ላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይም 5 የሚል ይፈለግ። ለደረቅ ነገር ብቻ ይሁን። ገበያ ላይ የሚደረደረውን፣ ገና ሳይነካ አፍንጫ የሚመታውን ቀጭን ዕቃ በነጻ ቢሰጡህ አትቀበል። እሱ ገና ከመጀመሪያው የተበላሸ ነው። ማሰሮ ለጠላ ነው። በወይራ ይታጠናል፣ ቅባትም ያሰርጋል። ለማማለያ አይሆንም።

ጀሪካኑስ? ላምባ ይቀዳበት።

ማማለያው ጎመዘዘ

ብልቃጡ ንጹሕ ሆኖም ኑጉ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ካመጣ አየርና ብርሃን አግኝቶታል። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ቅባት ነው፣ ይሄ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ኑጉን ሳይወቀጥ አቆየው። የሳምንቱን ያህል ብቻ ወቅጥ። ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ ጢም ያሉ ትናንሽ ብልቃጦች ይሻላሉ። ጨለማ ቦታ አስቀምጣቸው።

ዕቃው ቀድሞ መርዝ የነበረበት ከሆነ

ለምንም አትጠቀምበት። እህል ውስጥ የሚጨመረው ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ጣሳው ውስጥ የቀረ ብናኝም ይህንኑ ያደርጋል። «ጠንካራ ጣሳ ነው፣ ለምን ይጣላል» የሚል ሰው በየገበያው አይቻለሁ። ያናድደኛል። ማላታይን የሚባለው የተባይ መርዝ ዕቃም እንዲሁ ነው። ታጥቦ አይጠራም። ማማለያ ብቻ ሳይሆን ውሃም፣ ጨውም፣ ምንም አይገባበትም። ሌላ ሰው እንዳያነሳው ብሳው።

የማማለያው ብልቃጥም ወደ ጓዳ አይመለስ። የተወቀጠ ኑግ በጾም ወቅት ልጅ በሶ ሊያሽበት የሚችል ነገር ነው፤ መርዝ ባይኖርበትም ወጥመድ የነካ እጅ ሲገባበት ከርሟል። ወረቀት ለጥፍና በትልቁ «የአይጥ ማማለያ፣ አይበላም» ብለህ ጻፍበት። ማንበብ ለማይችሉት ክዳኑን ቀይ ቀለም ቀባው። የብልቃጡን ማንኪያ በክር አንገቱ ላይ እሰርለት፣ ወጥ ቤት ገብቶ እንዳይቀላቀል።